አንድሮሜዳ ብትመጣም አብሽሩ

ይህ ጽሑፍ በጥቅምት አጋማሽ፣ ቅዳሜ ማታ፣ ደሴ ላይ የተናገርኩት ነው። ከድምፅ ቅጂው ወደ ጽሑፍ ስመልሰው "እእእ" ያልኩበትን አውጥቻለሁ። ያልተሳቀባቸው ሁለት ቀልዶችም ወጥተዋል። ሰዓት አጥሮኝ የዘለልኩትን ደግሞ ጨምሬበታለሁ።

እንደምን አመሻችሁ!

ብርዱን ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ጋቢ የደረባችሁ ብልሆች ናችሁ። ከኮምቦልቻ የመጣችሁት ታሳዝኑኛላችሁ፤ በሸሚዝ ነው የወጣችሁት።

ከከተማችን ስም ልነሳ። አፄ ዮሐንስ አራተኛ እዚህ ሰፍረው ሳሉ ሰማይ ላይ ጅራታም ኮከብ አይተው ተደነቁ፣ ደስ ስላላቸውም ቦታውን ደሴ አሉት እየተባለ ይተረካል። ጊዜው በፈረንጅ 1882 ነው ይላሉ። ተረኩን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ በጠራራ ቀን፣ ከፀሐይ አጠገብ ሳይቀር የታየ ትልቅ ጅራታም ኮከብ ነበር። በብዙ አገር ተመዝግቧል። በዚያ ዘመን ሰማይ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲታይ ንጉሥ ሁሉ ይፈራል፤ ጦርነት ነው፣ ረሃብ ነው፣ ዙፋን ሊናወጥ ነው ይባላል። በእኛ ተረክ ግን ንጉሡ ደስ አላቸው። ይሄን ነገር እወደዋለሁ። የዛሬውንም ወሬ በዚያው መንፈስ እንድትሰሙልኝ ነው።

ምክንያቱም ወሬው ያስፈራል። ማስታወቂያው "ጋላክሲያችን ልትጋጭ ነው?" ይላል። የለጠፉት ቀን ማታ አንዲት ጎረቤታችን ቡና ላይ ጠሩኝ። "አንተ ልጅ፣ እውነት ነው?" አሉኝ።

"ምኑ እትዬ?"

"መጋጨቱ ነዋ። ከፋሲካ በፊት ነው ከፋሲካ በኋላ?"

በኋላ ነው አልኳቸው። በጣም በኋላ። ዛሬ ማታ እዚህ አሉ፤ ሙሉውን መልስ ለመስማት ነው የመጡት። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እንደምጠራ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

የእኛ ጋላክሲ ፍኖተ ሐሊብ ትባላለች። ሚልኪ ዌይ የምትሉትም እሷኑ ነው። ጋላክሲን በአማርኛ ረጨት የሚሉ አሉ፤ ቃሉ ደስ ይለኛል፣ እውነትም የተረጨ ነው የምትመስለው። ከ100 ቢሊዮን በላይ ኮከቦች አሏት። ስፋቷ 100,000 የብርሃን ዓመት ያህል ነው። ብርሃን ከዳር እስከ ዳር ለመሄድ 100,000 ዓመት ይፈጅበታል ማለት ነው።

ይሄ ቁጥር ለሰው አይገባም። ለእኔም አይገባኝም። ስለዚህ ወደ ማድቤት እንግባ።

ፍኖተ ሐሊብን 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ምጣድ ላይ እንዳለች አንድ እንጀራ አስቧት። የሚገርመው ውፍረቷም ይገጥማል። የኮከቦቹ ዝርግ ውፍረት 1,000 የብርሃን ዓመት ያህል ስለሆነ፣ በዚህ ልክ 6 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እኛ ከእንጀራው መሃል 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀን ነው ያለነው። መሃል ላይ አይደለንም፣ ጠርዝም ላይ አይደለንም። ማንም መጀመሪያ የማይቆርሰው ቦታ ላይ ነን። ፀሐይ ቤተሰቧን ይዛ መሃሉን አንድ ጊዜ ለመዞር 230 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ትወስዳለች። ከተወለደች 20 ዙር ያህል ዞራለች።

አሁን ሁለተኛ እንጀራ አምጡ። ከእኛ ትንሽ ሰፋ ትላለች። ከመጀመሪያው ምጣድ 15 ሜትር ራቅ አድርጋችሁ፣ ከዚህ እስከ መግቢያው በር በሉት፣ አስቀምጧት። አንድሮሜዳ ያቺ ናት። እውነተኛው ርቀት 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ነው። ልብ በሉ፣ 15 ሜትር ለሁለት እንጀራ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ይሄን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ስለ አንድሮሜዳ ስም ካልነገርኳችሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። በግሪኮች አፈ ታሪክ አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት! አባቷ ንጉሥ ሴፌዎስ፣ እናቷ ንግሥት ካሲዮፔያ። እናትየው በቁንጅና ጉራ ነፋች፣ የባሕሩ አምላክ ተቆጣ፣ ልጅቱ ለባሕር አውሬ መብል እንድትሆን ድንጋይ ላይ ታሰረች፤ በኋላ አንድ ጀግና ደርሶ አዳናት። ግሪኮቹ "ኢትዮጵያ" ሲሉ ከግብፅ በታች ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር በጅምላ ነው የሚሉት፤ ስለዚህ "የወሎ ልጅ ናት" ብዬ አልከራከርም። ቁንጅናው ግን ጥርጣሬ ውስጥ ይከተኛል። (እዚህ ጋ ተስቋል፤ ለታሪክ ይመዝገብልኝ።)

ይህቺን ጋላክሲ ሰው በዓይኑ ብቻ ያያታል። በ964 ዐብዱራህማን አስ-ሱፊ የሚባል የፋርስ ሊቅ ስለ ኮከቦች በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ መዝግቧታል። ያላት "ትንሽ ደመና" ነው። ሌላ ምን ሊላት ይችላል? መነጽር የለ፣ ምን የለ። ከእሱ በኋላ 900 ዓመት በላይ ሰው ሁሉ በደመናነቷ ነው የሚያውቃት።

ወደ እኛ እየመጣች መሆኗ የታወቀው በ1912 ነው። ቬስቶ ስላይፈር የሚባል አሜሪካዊ፣ አሪዞና ውስጥ ሎዌል ከሚባለው የኮከብ መመልከቻ ሆኖ ብርሃኗን በየቀለሙ በተነ። እንዴት አወቀ? የሐረጎን ቁልቁለት የምታውቁ ሰዎች ይገባችኋል። ዳር ቆማችሁ ሲኖ ትራክ ክላክሱን ለቆ ሲመጣ ድምፁ ቀጠን ይላል፤ አልፏችሁ ሲሄድ ይወፍራል። ብርሃንም እንደዚያው ነው። ወደኛ የሚመጣ ነገር ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ፣ የሚሸሸን ወደ ቀይ ይጠጋል። የአንድሮሜዳ ብርሃን ወደ ሰማያዊ ተጠግቶ ተገኘ። ስላይፈር የለካው ፍጥነት በሰከንድ 300 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ውስጥ አብዛኛው የራሳችን ፀሐይ ሩጫ ነው። እሱ ሲቀነስ ሁለቱ ጋላክሲዎች በሰከንድ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራረባሉ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው አይደል? አራት ሰከንድ አይሞላም። ያውም ያለ ኬላ።

ስላይፈር ግን የለካው ነገር ጋላክሲ መሆኑን አያውቅም ነበር። ያኔ ብዙዎች በእኛው ጋላክሲ ውስጥ ያለ የጋዝ ጉም ይመስላቸው ነበር። ርቀቷን ማወቅ ያስፈልግ ነበር። መለኪያውም የመጣው ካልተጠበቀ ቦታ ነው።

በ1784 እንግሊዝ አገር ጆን ጉድሪክ የሚባል መስማት የተሳነው የ20 ዓመት ልጅ፣ በሴፌዎስ የኮከብ ክምችት ውስጥ ያለች አንዲት ኮከብ በየአምስት ቀኑ ገደማ እየደመቀች እየደበዘዘች እንደምትመላለስ አየ። እንደሷ ያሉ ኮከቦች ሴፊድ ተባሉ። በ1912 ደግሞ ሄንሪየታ ሊቪት የምትባል አሜሪካዊት፣ የሴፊዶች ድምቀት ከምልልሳቸው ርዝመት ጋር የተሳሰረ መሆኑን አሳየች። ቀስ ብላ የምትመላለሰው በራሷ ይበልጥ ደማቅ ናት። ይሄ ማለት፣ የመብራቱን ዋት ካወቅህ፣ ስንት እንደደበዘዘ አይተህ ርቀቱን ታወጣለህ። በ1923 ኤድዊን ሀብል አንድሮሜዳ ውስጥ አንዲት ሴፊድ አገኘ። ርቀቷ ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ፣ በጣም ውጭ ሆነ። የሀብል ቁጥር ከዛሬው ያንሳል፤ በኋላ ተስተካክሏል። ግን ያቺ "ትንሽ ደመና" ራሷን የቻለች ጋላክሲ መሆኗ ያኔ ተረጋገጠ።

ልብ ብላችኋል? ሴፊድ የተባለችው በሴፌዎስ ስም ነው። ሴፌዎስ የአንድሮሜዳ አባት ነው። የልጅቱን አድራሻ የነገረን በአባቷ ስም የሚጠራ ኮከብ ነው። ማንም አላቀደውም። እንዲያው ሆነ።

እሺ፣ መጣች እንበል። ተጋጨች። ምን እንሆናለን?

መልሴ በወሎኛ አንድ ቃል ነው፤ አብሽሩ።

ምክንያቱን በጤፍ ላሳያችሁ። እዚህ እጄ ላይ አንድ የጤፍ ፍሬ አለች፤ ከኋላ ያላችሁ እመኑኝ። አንድ ሚሊ ሜትር ናት እንበል። ይህቺ ፀሐይ ናት። ምድር በዚህ ልክ በዓይን አትታይም፤ ከጤፏ 11 ሴንቲ ሜትር ርቃ የምትዞር ብናኝ ናት። የመጨረሻዋ ፕላኔት ኔፕቲዩን ሦስት ሜትር ላይ ናት። ከዚያስ? ቀጣዩ ኮከብ የት ነው? ሁለተኛዋን ጤፍ የት ላስቀምጣት?

አንድ ልጅ "በሩ ጋ!" አለ። ሌላው "ፒያሳ!" አለ።

ኮምቦልቻ ነው። እሱም አይበቃም። በመኪና መንገዱ ሐረጎን ወርዳችሁ፣ ኮምቦልቻን አልፋችሁ፣ 30 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ወርዳችሁ ሁለተኛዋን ጤፍ መንገድ ዳር ታስቀምጣላችሁ። በመሃል ምንም የለም። አንዲት ጤፍ እዚህ፣ አንዲት ጤፍ እዚያ። የእኛ የጋላክሲ ሠፈር ይሄን ይመስላል።

አሁን ሌላ እንዲህ የተበተነ ጤፍ መጥቶ በዚህኛው ውስጥ ቢያልፍ፣ ጤፍ ከጤፍ ጋር ይጋጫል? 30 ኪሎ ሜትር በ30 ኪሎ ሜትር ሜዳ ላይ ሁለት ሦስት ፍሬ ብትወረውሩ አንዷ አንዷን ትመታለች? አትመታም። መሃሉ ላይ ያሉት ኮከቦች ጠጋ ጠጋ ስላሉ ዕድሉ ትንሽ ከፍ ይላል፤ በጠቅላላው ግን ከመቶ ቢሊዮኖች ውስጥ ተጋጭተው የሚጠፉት ከቁጥር የሚገቡ አይሆኑም። እንጀራዎቹ ግን ይጋጫሉ። ያዙልኝ ያልኳችሁ ይሄን ነው። እንጀራ ከእንጀራ የሚራራቀው የስፋቱን 25 እጥፍ ነው። ኮከብ ከኮከብ የሚራራቀው የስፋቱን 30 ሚሊዮን እጥፍ ነው። ስለዚህ "ጋላክሲዎች ይጋጫሉ" የሚለው እውነት ነው፣ "ኮከቦች አይጋጩም" የሚለውም እውነት ነው። ግጭት የሚለው ቃል ራሱ እኮ ነው የሚያሳስተን። ሁለት ጉሞች ጦሳ ተራራ ላይ ተገናኝተው ሲተላለፉ አይታችሁ የለ? ወደዚያ ይጠጋል።

ተላልፈው ግን አይለያዩም። ሁለቱም ጋላክሲዎች በማይታይ ቁስ ተከበዋል፤ ጨለማ ቁስ ይሉታል፤ ከሚታየው በብዙ እጥፍ ይከብዳል። በዚያ ውስጥ ሲያልፉ ስበቱ ፍጥነታቸውን ይበላዋል። ይርቃሉ፣ ይመለሳሉ፣ እንደገና ያልፋሉ፤ በመጨረሻ አንድ ይሆናሉ። የኮከብ ክንዶቻቸው ተስበው ረጅም ጭራ ያወጣሉ። ጋዙ እንደ ኮከብ አይደለም፤ የጋዝ ደመና ሰፊ ስለሆነ በእርግጥ ይጋጫል። ሲጋጭ ይታመቃል፣ ሲታመቅ አዳዲስ ኮከቦች ይወለዳሉ። መሃል ላይ ያሉት ጥቁር ጉድጓዶችም ይፈላለጋሉ። የእኛው የፀሐይን 4 ሚሊዮን እጥፍ ይከብዳል፤ የእነሱ 100 ሚሊዮን እጥፍ ገደማ። ትንሹ ትልቁ ቤት ይገባል። ከዚያ በኋላ ጠፍጣፋ እንጀራ የለም። እንደ ድፎ ዳቦ ያበጠ ትልቅ ጋላክሲ ነው የሚቀረው። ፈረንጆቹ ከአሁኑ ስም አውጥተውለታል፤ ሚልኮሜዳ። ሳይወለድ ስም ማውጣት እኛ ዘንድ አይወደድም፤ እነሱ ግን አውጥተውለታል።

ደግሞ አዲስ ነገር አይምሰላችሁ። ፍኖተ ሐሊብ የተሠራችውም እንዲሁ ነው። ጋያ የምትባለው የአውሮፓ መንኮራኩር በ2013 መጨረሻ መጥቃ የቢሊዮን ኮከቦችን እንቅስቃሴ ለካች። በ2018 መረጃዋን የመረመሩ ሰዎች፣ በአንድ ወገን ከሌላው ተለይተው የሚጓዙ ብዙ ኮከቦች አገኙ። ከ10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አንድ ትንሽ ጋላክሲ ከእኛ ጋር ተጋጭቶ ተውጧል፤ እነዚያ ኮከቦች የሱ ወገኖች ናቸው። ሳጂታሪየስ የምትባል ሌላ ትንሽ ጋላክሲም አሁን፣ በዚህ ሰዓት፣ እየተበላች ነው። የታወቀችውም በ1994 ነው። እየበላን እንኳ አላወቅንም ነበር።

አሁን ወደ እትዬ ጥያቄ። መቼ ነው?

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ መልሱ አንድ ነበር። በ2012 ሀብል በተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ የአንድሮሜዳ የጎን እንቅስቃሴ ተለካ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ወደኛ እየመጣች መሆኗን በብርሃኗ እናውቃለን፤ ወደ ጎን ምን ያህል እንደምትንሸራተት ግን የሚታወቀው ሰማይ ላይ የቆመችበት ቦታ ሲለወጥ ብቻ ነው። ከዚያ ሁሉ ርቀት! ወንጭፍ የያዘ ልጅ ታውቃላችሁ። ጠጠሩ ከእጁ ሲወጣ ትንሽ ወደ ጎን ካለ፣ ወፏ ጋ ሲደርስ በክንድ ይስታታል። የ2012ቱ ልኬት ወደ ጎን ያለው እንቅስቃሴ ትንሽ ነው አለ። ስለዚህ ፊት ለፊት፣ በ4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ፣ መጋጨታቸው አይቀርም ተባለ። በየመጽሐፉ ተጻፈ። እኔም ለተማሪዎች እንደዚያ ብዬ አስተምሬያለሁ። "አይቀርም" ብዬ፣ ጠረጴዛ መትቼ።

በ2025 ሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ያለ ተመራማሪ የመራው ቡድን ስሌቱን እንደገና ሠራው። ያደረጉት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በየልኬቱ ውስጥ ያለውን የስህተት ወሰን ሁሉ ከቁጥር አስገቡ። ሁለተኛ፣ ዘመዶቹን ጠሩ። ፍኖተ ሐሊብና አንድሮሜዳ ብቻቸውን አይደሉም። እኛ ዘንድ ትልቁ የማጌላን ደመና የሚባል አነስተኛ ጋላክሲ አጠገባችን አለ። አንድሮሜዳም ኤም 33 የምትባል ጓደኛ አለቻት። ሁለት ሰዎች ብቻ ሲሆኑ ጋብቻ ቀላል ነው። ዘመድ ሲገባበት ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግራችሁም። ኤም 33 ነገሩ እንዲሳካ ታግዛለች። የማጌላን ደመና ወደ ጎን ይጎትታል፤ ያፈርሳል። 100,000 ጊዜ በኮምፒውተር አስሄዱት። ውጤቱ፣ በሚቀጥሉት 10 ቢሊዮን ዓመታት ውስጥ የመጋጨት ዕድሉ ሃምሳ በመቶ ያህል ነው። በ4 እና 5 ቢሊዮን ዓመት ውስጥ መሆኑ ደግሞ 2 በመቶ ገደማ ብቻ።

ሃምሳ በመቶ! ሳንቲም መወርወር ማለት እኮ ነው። ጠረጴዛ የመታሁባቸው ተማሪዎቼ ዛሬ እዚህ ካላችሁ፣ ይቅርታ።

አንዳንድ ሰው ይሄን ሲሰማ "ሳይንቲስቶች ዛሬ እንዲህ፣ ነገ እንዲያ ይላሉ" ይላል። እኔ በተቃራኒው ነው የሚታየኝ። የአንድሮሜዳ ፍጥነት አልተለወጠም፤ የስላይፈር ልኬት ዛሬም ቆሟል። የተለወጠው "እርግጠኛ ነን" የሚለው ቃል ነው። የማያውቁትን መጠን አስልቶ ማውጣት ከባድ ሥራ ነው። ጠረጴዛ መምታት ይቀላል።

ይልቅ የሚያሰጋው ሌላ ነው። ሰርጉ ቢቀርም ባይቀርም ለእኛ ቤት ለውጥ የለውም። ቤቱ ቀድሞ ይቃጠላል። ፀሐይ 4.6 ቢሊዮን ዓመቷ ነው። እያደር ትሞቃለች። በአንድ ቢሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ድምቀቷ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ያ ደግሞ የምድርን ውቅያኖሶች ለማትነን ይበቃል። ሐይቅ፣ አርዲቦ፣ ቀይ ባሕር፣ ሁሉም። በ5 ቢሊዮን ዓመት ደግሞ ፀሐይ አብጣ ቀይ ግዙፍ ኮከብ ትሆናለች። አንድሮሜዳ ብትመጣ የምታገኘው ይሄን ነው።

እትዬ እዚህ ጋ እጃቸውን አነሱ። "አንድ ቢሊዮን ስንት ነው?" አሉኝ።

ይሄ የማታው ምርጥ ጥያቄ ነበር። እኔም ተዘጋጅቼበት ነበር። ያን አንድ ቢሊዮን ዓመት አንድ ዓመት እናድርገው፤ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን። በዚህ ልክ የሰው ልጅ፣ የእኛ ዓይነቱ ሰው፣ ምድር ላይ የኖረበት 300,000 ዓመት ስንት ይሆናል? ሁለት ሰዓት ተኩል። ከቆላ እስከ በረካ ያለ አንድ የወሎ ቡና ነው። እሱም ወሬ ከሌለ። የተጻፈ ታሪክ ያለን 5,000 ዓመት ደግሞ ሁለት ደቂቃ ተኩል ብቻ፤ አንዱን ስኒ ጠጥቶ ለመመለስ የሚፈጀውን ያህል። ላሊበላ ከተፈለፈለ በዚህ ሰዓት 30 ሴኮንድ አልሞላውም።

ላሊበላን ካነሳሁ አይቀር፣ ሰኔ 14 ቀን 2012 በእኛ አቆጣጠር፣ እሁድ ጠዋት፣ የቀለበት ግርዶሽ ሆኖ ነበር። መንገዱ በላሊበላ አለፈ። እኛም እዚህ አብዛኛዋ ፀሐይ ስትሸፈን አይተናል። ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ቀኑ ሳይመሽ ደብዘዝ አለ፣ ጥላው ተሳለ፣ ብርዱም መጣ። እዚያ ቀን ላይ ማንም አልደነገጠም። ደቂቃው ከዓመታት በፊት ታውቆ ነበራ። ጨረቃን በደቂቃ እናውቃታለን፤ አንድሮሜዳን በሳንቲም ውርወራ። ዕውቀታችን እንዲህ ነው፤ አንድ ቦታ ስለት፣ ሌላ ቦታ ዱልዱም።

አንድ ወጣት ከኋላ ተነስቶ ጠየቀኝ። "ታዲያ እኛ ምን ነን? ትንሽ ነን ማለት ነው?" አለ። ድምፁ ውስጥ ትንሽ ንዴት ነበረው።

ትንሽ ነን። ይሄን አልሸፋፍነውም። ግን አንድ ነገር ልንገርህ አልኩት። ዛሬ ማታ አንድሮሜዳን ብታያት፣ የምታየው ብርሃን ከተነሳ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል። ያ ብርሃን ሲነሳ እዚህ ምን ነበር? ከኮምቦልቻ በባቲ ቁልቁል ወደ አፋር ስትወርድ ጎና የሚባል ቦታ አለ። ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቹ በ1997 ይፋ ያደረጓቸው፣ 2.6 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸው የድንጋይ መሣሪያዎች የተገኙት እዚያ ነው። ሰው ገና ሰው አልሆነም። ድንጋይ በድንጋይ እየመታ ስለት ያወጣ ነበር። ድንቅነሽ ከሞተች 700,000 ዓመት ያህል አልፏታል። ብርሃኑ ከዚያ ተነሳ፤ እነሱም ከዚህ ተነሱ። እሱ እየመጣ እነሱ ሰው ሆኑ፣ ተበተኑ፣ መነጽር ሠሩ። ዛሬ ማታ ይገናኛሉ። ቦታችንን ከጠየቅኸኝ፣ እኔ የማውቀው ይሄን ነው፤ ከጎና እስከዚህ ድረስ በአንድ ብርሃን ጉዞ ውስጥ መጥተናል።

ልጁ ተቀመጠ። እንደተስማማ አላውቅም።

ከዚያ ወደ ግቢው ወጣን። ሰማዩ ጥሩ ነበር፤ ወደ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። መብራት ስለነበረ ኮከቡ ሳሳ ብሎ ነው የሚታየው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መብራት እንዲጠፋ የተመኘሁት ያኔ ነው። ለሌላ ቀን ማየት ለምትፈልጉ እንዲህ አድርጉ። ኅዳር ላይ፣ ጨረቃ የሌለችበት ማታ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ፊታችሁን ወደ ሐይቅ መንገድ፣ ወደ ሰሜን አዙሩ። አምስት ኮከቦች እንደተገለበጠ ሠ ተደርድረው ታያላችሁ። ካሲዮፔያ ናት፤ ንግሥቲቱ፣ በንጉሡ ሠ የተጻፈች። ከሠዋ ሁለት ሹል ጫፎች ጎላ ያለው ወደ ላይ ይጠቁማል። በሱ አቅጣጫ ከፍ በሉ። ከጫፉ በላይ፣ የሠዋን ስፋት የሚያህል ስትወጡ፣ ደብዘዝ ያለች ሞላላ ነገር አለች። በቀጥታ አትፍጠጡባት፤ ከጎኗ ስታዩ ትጎላለች። የጦር ሜዳ መነጽር ካላችሁ ደግሞ በጣም ጥሩ።

እኔ አንድ አሮጌ መነጽር ይዤ ነበር። ተራ በተራ አየን። እትዬ "አላየሁም፣ ግን አምኛለሁ" ብለው ሰጡኝ። ከኮምቦልቻ የመጣው፣ ሸሚዝ የለበሰው ልጅ ብርድ እያንቀጠቀጠው ረጅም ጊዜ ያዘው። መነጽሩ ከእጁ ጋር ይንቀጠቀጣል። በመጨረሻ አወረደው።

"አገኘሃት?" አልኩት።

"አይ ጋሼ" አለኝ። "እዚያ ጋ ያለችው ትንሽ ደመና ናት።"